አብረውን አንድ አየር ስለሚተነፍሱ ሰዎች



አንድ ቀን ከማያውቁት ቁጥር ስልክ ይደወልልዎ ይሆናል። ደዋይዋ ከጤና ጣቢያ መሆኗን ትናገርና ስምዎን ታረጋግጣለች፤ አጠገብዎ ሰው እንዳለና እንደሌለም ትጠይቃለች። ከዚያ በቅርብ ጊዜ አብረውት ብዙ ሰዓት ያሳለፉት አንድ ሰው የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) እንደተገኘበት፣ ማን እንደሆነ ግን ልትነግርዎ እንደማትችል ታስረዳለች። ያስልዎታል? ሁለት ሳምንት አልፎታል? ትኩሳት አለዎት? ሌሊት ያልብዎታል? ክብደትዎ ቀንሷል? እቤት ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ አለ? ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ያንን ስልክ ጆሮዋ ላይ እንዳይዘጉት ልለምንዎ ነው። ሁለተኛም ልመና አለኝ፤ ታማሚው እርስዎ ራስዎ የሆኑ እንደሆነ አብረውዎት የነበሩትን ሰዎች ስም አንድም ሳያስቀሩ እንዲሰጡ።

ሁለተኛው እንደሚከብድ አውቃለሁ። የባልንጀራን፣ የእጮኛን፣ የአሠሪን ወይም እቤታችን የምትሠራውን ልጅ ስም ለጤና ባለሙያ መስጠትን ሰውን አሳልፎ እንደ መስጠት የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን አሳልፎ መስጠት የምለው ስም መደበቁን ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቲቢ ታመዋል፤ 1.25 ሚሊዮን ያህሉ ሞተዋል። ሮበርት ኮኽ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። የሚያድኑት መድኃኒቶች ከተገኙም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱ የሚሰጠው በነፃ ነው። ታዲያ ሰው ለምን ይሞታል? አንዱ ትልቅ ምክንያት በዚያው ዓመት ከታመሙት መካከል 2.7 ሚሊዮን ያህሉ ሳይመረመሩ ወይም ሳይመዘገቡ መቅረታቸው ነው። እነዚህ ሰዎች የትም አልሄዱም፤ እቤታቸው፣ ሥራ ቦታቸው፣ ከእኛ ጋር ናቸው። ኢትዮጵያም በሽታው ከጸናባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የቲቢ ስርጭት ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 100,000 ሰዎች ውስጥ 277 ያህሉ በላቦራቶሪ የሚረጋገጥ የሳንባ ቲቢ እንዳለባቸው ገምቷል።

ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲናገር፣ ሲዘምር ዓይን የማያያቸው ጠብታዎች ይወጣሉ፤ ጠባብና የተዘጋ ክፍል ከሆነ ለሰዓታት እዚያው ይንሳፈፋሉ። በብርጭቆ፣ በማንኪያ፣ በብርድ ልብስ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ይህን አስምሬ የምናገረው የታመመን ሰው ብርጭቆና ሳህን ለይተን፣ መስኮቱን ግን ጥርቅም አድርገን ዘግተን አብረነው የምናድር ሰዎች ስለሆንን ነው። መለየታችን ልቡን ይሰብረዋል እንጂ እኛን አያድነንም። ታክሲ ውስጥም እንዲሁ ነን፤ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው “ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል” ይላል። ብርድ ቲቢ አያመጣም። በተዘጋ መስኮት ግን የአንዱ ትንፋሽ የሁሉም ይሆናል።

ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ሲታመም ደግሞ “በዘራቸው አለ” ይባላል፤ በዚህ ወሬ የፈረሰ እጮኝነት ስንት ነው! በሽታው እዚያው ቤት ውስጥ የሚመላለሰው አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ሰዎች አንድ አየር ስለሚተነፍሱ ነው። ስለዚህም የመጀመሪያው ታማሚ ሲታወቅ የሚቀጥለውን የት እንደምንፈልገው አብረን አወቅን ማለት ነው።

ባክቴሪያው የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ይታመማሉ፤ የቀሩት ባክቴሪያው ተኝቶባቸው ይኖራሉ። አደጋው የሚበረታው ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ደግሞ ለሕፃናትና ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች ነው። እዚህ ላይ ነው ተስፋው። በመጋለጥና በመታመም መካከል ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒትም አለ። ቀድሞ ይሰጥ የነበረው አይሶናያዚድ በየቀኑ ለስድስት ወር የሚዋጥ ነበር። አሁን ራይፋፔንቲን ከሚባለው መድኃኒት ጋር ተጣምሮ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ12 ሳምንት ብቻ ይወሰዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የመከላከያ ሕክምና ለሕፃናት ብቻ ሳይሆን ከታማሚው ጋር ለሚኖሩ አዋቂዎችም እንዲታሰብ መክሯል። ይህ ሁሉ ግን ስሙ ላልተነገረ ሰው አይደርስም። ስሙ የተደበቀለት ባልንጀራ የተደበቀበት ይኸው መድኃኒት ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ሲዳማ ውስጥ ተሞክሮ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ፣ ሲዳማ ገና ዞን ሳለች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት በሚያደርጉት ጉብኝት ላይ አንድ ጥያቄ ጨመሩ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው እቤት አለ? ካለ አክታውን እዚያው ቀበሌ ውስጥ ተቀብለው ስላይድ ላይ ቀብተው ያደርቁታል። ከዚያ ለተቆጣጣሪያቸው ይደውላሉ። ተቆጣጣሪው በሞተር ሳይክል መጥቶ ስላይዱን ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ጤና ተቋም ይወስደዋል። ቲቢ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን በሰፈሩ ይጀምራል፤ ባለሙያዋ ትከታተለዋለች። አብረውት የሚኖሩትም እዚያው እቤታቸው ይታያሉ፤ ያልታመሙት ሕፃናት መከላከያውን ያገኛሉ።

በዚያ መልክዓ ምድር፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ጤና ጣቢያ መድረስ ግማሽ ቀን በሚፈጅበት አገር፣ መንገዱን ይሄድ የነበረው ታማሚው ነበር። አሁን መንገዱን የሄደለት ስላይዱና የስልኩ መልእክት ሆነ። በአሥራ አምስት ወር ውስጥ 49,857 የሚያስሉ ሰዎች ተገኝተው ተመረመሩ። ቀድሞ በዓመት ከ100,000 ሰው 64 ያህል ይመዘገብ የነበረው በአክታ ምርመራ የተረጋገጠ የሳንባ ቲቢ ወደ 127 ከፍ አለ፤ ለማነጻጸሪያ በተወሰደው ሌላ ዞን ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። ሕክምናቸውን በሚገባ የጨረሱትም ከ77 በመቶ ወደ 93 በመቶ ደረሱ። ቁጥሩ እጥፍ የሆነው በሽታው በአንድ ጊዜ ስለተባዛ አይደለም። ሰዎቹ ዱሮም ያስሉ ነበር፤ ደጃቸው ድረስ ሄዶ የጠየቃቸው አልነበረም።

እኔ የዚህን ውጤት ምሥጢር የማየው በሞተሩም በስልኩም አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ባለሙያዎቹ ከሚያገለግሉት ማኅበረሰብ መካከል እንዲመለመሉ ተወሰነ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። በሩን የምታንኳኳው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች ይታወቃል። ልጆቻችንን ያስከተበች፣ አራሷን የጠየቀች፣ ቡና አብራ የጠጣች ናት። እሷ ስትጠይቅ ሰው ይመልሳል።

ይህን ካየን በኋላ ነው ስለ ስልኩ መነጋገር የሚገባን። በርቀት፣ በስልክ ብቻ፣ ከታማሚ ጋር የነበሩ ሰዎችን መፈለግ በአገራችን በሰፊው የታወቀው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ በኋላ ነው። በ8335 እና በ952 መደወልን ለመድን፤ ለወዳጃችን ስንደውል እንኳ ጥሪው ከመግባቱ በፊት ስለ እጅ መታጠብ የሚናገር ድምፅ እንሰማ ነበር። ያ ልምድ ለቲቢ ከኮሮናም ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል። ኮሮና የቀናት እሽቅድምድም ነበር፤ ስልኩ አንድ ቀን ከዘገየ ወረርሽኙ ቀድሞ ሄዷል። ቲቢ ቀስ ብሎ የሚሄድ በሽታ ነው። ዛሬ ያልተነሳ ስልክ ነገ ይደወላል፤ ዛሬ ያፈረ ሰው በሳምንቱ ስም ያስታውሳል።

ኮሮና ግን ፍርሃትም ትቶብናል። ከጤና ቢሮ ስልክ ሲደወል ብዙ ሰው የሚታየው አምቡላንስና ለይቶ ማቆያ ነው። ለቲቢ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አብዛኛው ታማሚ መድኃኒቱን እየወሰደ እቤቱ ይኖራል፤ መድኃኒቱ ከሠራለት ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል። የሚደወልልዎ ከቤትዎ ሊያስወጡዎ አይደለም።

ስልኩ የት ላይ እንደሚረዳ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። የመከላከያ መድኃኒቱ ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል። ይህ ጉዳት የለውም፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን ደም መስሎት ይደነግጣል፤ ኪኒኑን ሳጥን ውስጥ ወርውሮ ይተዋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሁለት ደቂቃ ጥሪ ይህን ያስቀራል። “ሽንትዎ ቀለሙ ተለወጠ? አይስጉ፣ ከመድኃኒቱ ነው። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ምግብ ከዘጋዎና ካስመለሰዎ ግን ኪኒኑን አቁመው ወዲያው ይደውሉልኝ” ማለት ይበቃል። ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚያምንን ሰው ለ12 ሳምንት መድኃኒት ማስዋጥ የታመመን ሰው ከማስዋጥ ይከብዳል፤ በየሳምንቱ በዚያችው ቀን የምትደውል የምትታወቅ ድምፅ ካለች ግን ይቀላል።

ስልክ የማይችለውንም ማወቅ አለብን፤ አለዚያ ቢሮ ተቀምጦ መደወል የእግር ጉዞውን የተካው ይመስለናል። እኛ ሰዎች በስልክ “እንዴት ነህ?” ስንባል የምንመልሰው የታወቀ ነው፤ “ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።” አልጋ ላይ ሆነንም ይህንኑ እንላለን፤ ሌላ መመለስ ምስጋና ቢስነት ይመስለናል። አንዳንዱ ሰው ሳሉን ለመደበቅ ስልኩን ከአፉ ያርቃል። ቤተሰቡን የማታውቅ ደዋይ “ደህና ነኝ” የሚለውን መልስ መዝግባ ወደሚቀጥለው ቁጥር ታልፋለች። የምታውቀው ግን ትጠብቃለች፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ክብረ በዓል ወይም ስለ ጁምዓው ጠይቃ ትመለሳለች። “ባለፈው እሑድ ከማኅበር ለምን ቀሩ?” የምትለዋ ጥያቄ ከሳል፣ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ዝርዝር በላይ ታወጣለች። ለዚህ ነው ከከተማ ማዕከል የሚደውል እንግዳ ሰው ይልቅ ባለሙያዋ በራሷ ስልክ፣ በቤተሰቡ ቋንቋ፣ በሲዳምኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ብትደውል የምመርጠው። የስልክ ካርዱ ደግሞ ከደመወዟ መውጣት የለበትም።

ሌላም አለ። በብዙ ቤት ስልኩ አንድ ነው፤ የሚይዘውም አባወራው ነው። የልጁን ሚስት ፈልጎ የተደወለ ስልክ አማቷ ጆሮ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ማን እንዳነሳው ሳይታወቅ የበሽታው ስም መጠራት የለበትም። ሕፃን ስለ ራሱ በስልክ አይናገርም፤ ክብደቱ መቀነሱን ሚዛን ላይ ያወጣው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ስልክ ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ ጤና ተቋማትም ሲዘረፉና ሲፈርሱ አየን። በዚያ ጊዜ አንድን የቲቢ ታማሚ ለማግኘት ሰው በእግሩ መሄድ ነበረበት፤ ዛሬም ተፈናቃይ በተጠለለባቸውና መንገድ በሚዘጋባቸው ቦታዎች ሁሉ እንዲሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው። በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ የስርጭት ጥናቶች እንዳሳዩት የሳንባ ቲቢ ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የሚታወቁትን ምልክቶች አልተናገሩም። ስለዚህ በስልክ “አላስልም” ማለት የነገሩ መጨረሻ አይደለም። ደዋይዋ ምንም የለብዎትም ብላ ካሰናበተችዎ እርስዎ ራስዎ ይጠይቋት፤ የደረት ራጅ የት ላገኝ እችላለሁ? አክታዬን ልስጥ? ጂንኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ አክታን በሁለት ሰዓት ገደማ መርምሮ ቲቢ መኖር አለመኖሩንና ዋናውን መድኃኒት ሪፋምፒሲንን መላመድ አለመላመዱን ይናገራል። ከሁለቱ አንዱን መጠየቅ መብትዎ ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልመለስ፤ ስም የሚያስደብቀው ምን እንደሆነ አውቃለሁና። ተከራዩ አከራዩ እንዳያስወጡት ይፈራል። የቤት ሠራተኛዋ ሥራዋን ታጣለች። ወደ አረብ አገር ለመሄድ የደረት ራጅ የምትነሳ ወጣት ስሟ በዚህ ነገር እንዳይነሳ ትፈልጋለች። ላገባ ነው የሚል አለ። ቲቢ ያለበት ሁሉ ኤችአይቪ አለበት ብሎ የሚያምን ሰፈርም አለ፤ ሐሰት ነው፣ ግን ይነገራል። እነዚህን ፍርሃቶች አላቃልልም። ለተጓዧ ወጣት ግን ይህን እላለሁ፤ ራጁ ላይ የሚታየው ሳንባ ላይ የደረሰው ጉዳት ነው። ጉዳቱ ሳይደርስ በ12 ሳምንት መከላከያ መቅደም ሳንባዋንም ጉዞዋንም ይጠብቅላታል። ለአከራዩና ለአሠሪዋ ደግሞ ቃሌ ጠንከር ይላል። መድኃኒት የጀመረን ሰው ከቤት የሚያስወጣ ሰው ከቲቢ አልዳነም። የሚቀጥለው ተከራይ ከማሳል በቀር ምንም እንዳይነግረው እያስተማረ ነው።

ለዚህ ነው ነገሩ ወደ እድር የሚመጣው። የሰፈርን ሰው ቤት ለቤት የሚያውቅ፣ የአባላቱን ስም በመዝገብ የያዘ፣ የታመመን የሚጠይቅ፣ በሃይማኖትና በብሔር ሳይለይ የሚሰበስብ ከእድር የተሻለ ተቋም አላውቅም። እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ኤችአይቪ በበረታ ጊዜ ግን ብዙ እድሮች ሰው ሳይሞት መርዳትን ተምረዋል፤ አልጋ የያዙትን አስታመዋል፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ደግፈዋል። ለቲቢም ይችላሉ። የውጭ ርዳታ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ እንዴት በአንድ ጀምበር እንደሚናጋ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ አይተናል። የእድር ወርኃዊ መዋጮ ትንሽ ናት፤ ግን ከዋሽንግተን አትመጣም።

እድሩ እንዲያደርገው የምመኘው ታላቅ ነገር አይደለም። የማንንም ሕመም በስብሰባ ላይ እንዲያነሳ አልፈልግም፤ ይህ ክልክል መሆን አለበት። በቀን ሥራ የሚያድር አባል ከሁለት ልጆቹ ጋር ለራጅ ሲጠራ የዚያን ቀን ገቢውንና የታክሲውን ይሸፍንለት። ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትሄድ ከእድሩ ሴቶች አንዷ አብራት ትሂድ። ቲቢ በብርጭቆ እንደማይተላለፍ የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ቆመው ይናገሩ፤ እሳቸው ከታማሚው ጋር በአንድ ገበታ ቢቀርቡ ከአሥር ፖስተር ይበልጣል። ካህኑና ሼሁም ፀበሉንና ዱዓውን ከኪኒኑ ጋር አብሮ መያዝ እንደሚቻል ይናገሩ፤ ፀበል ቦታ ኪኒኑን አቋርጦ ሕመሙ የከፋበት፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው ብዙ መከራ ያያልና።

እርስዎንም፣ አንባቢዬ፣ ሦስት ነገር እለምናለሁ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል እቤትዎ ካለ ብርድ ነው ብለው አይተዉት። ቲቢ ከተገኘብዎ ሲጠየቁ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩትን ብቻ ሳይሆን በተዘጋ ክፍል ብዙ ሰዓት አብረውዎት የሚቆዩትንም ያስቡ፤ የሱቅ ጓደኛዎን፣ የጽዋ ማኅበርተኞችዎን፣ እቤትዎ የሚውሉትን የልጅ ልጆች። ስሙን ለባለሙያዋ ከመስጠትዎ በፊት ከፈለጉ ራስዎ ደውለው ይንገሯቸው፤ ከእርስዎ አፍ መስማታቸው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ሦስተኛው ለሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ነው። የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለአሥር ደቂቃ ይጋብዟት፤ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት፣ ሰው ሳይበተን ትናገር። የስልክ ቁጥሯንም ከጸሐፊውና ከገንዘብ ያዡ ቁጥር ሥር በእድሩ መዝገብ ላይ ያስጽፉት።